ወላዋይ ማን ነው?

ከጓደኛዬ ጋር የጀመርነውን የሶፍትዌር ሥራ ትቼ ስወጣ አልጮኸብኝም። «ወላዋይ ነህ» ብቻ አለኝ። «አይደለሁም፤ መረጃው ሲለወጥ እኔም ሐሳቤን ለወጥኩ» አልኩት። ያኔ ውሃ የሚያነሳ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁን እጠራጠራለሁ። ያጠራጠረኝ ደግሞ፣ ይገርማል፣ የቁማር ሒሳብ ነው።

በብላክጃክ ተጫዋቹ ከ21 ሳያልፍ ከአከፋፋዩ የበለጠ ድምር ለመያዝ ይሞክራል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ ካርታ ልጨምር ወይስ ልቁም? ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ጨዋታውን በአይቢኤም 704 ኮምፒውተር አሰላው። በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም የወጡትን ካርታዎች የሚከታተል ሰው ቁማር ቤቱን ሊበልጥ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 6 ያለ ካርታ ሲወጣ አንድ ትደምራለህ፤ 10፣ ባለ ሥዕሎቹና አስ ሲወጡ አንድ ትቀንሳለህ፤ 7፣ 8 እና 9ን ታልፋለህ። ድምሩን ገና ላልወጡት ባለ 52 ጥቅሎች ብዛት ታካፍላለህ። ውጤቱ ከፍ ካለ፣ በቀረው ውስጥ ትልልቁ ካርታ በዝቷል ማለት ነው።

አሁን በእጅህ 16 አለ እንበል፤ አከፋፋዩ 10 አሳይቷል። የማይቆጥር ሰው መጨመር አለበት። ቆጠራው ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን መቆም ይሻላል። ያው እጅ፣ ያው አከፋፋይ፣ ተቃራኒ ውሳኔ። ከጀርባው ቆሞ የሚያይ ሰው «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ቅድም ጨመረ፣ አሁን ቆመ» ቢል አይፈረድበትም።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የተበላ ሌላ ሰው አለ። «አሁንስ አልጨምርም!» ብሎ እሱም ይቆማል። ሁለቱ ያደረጉት ነገር ለዓይን አንድ ነው። ልዩነቱ ቆጣሪው ሐሳቡን የሚለውጥበትን ቁጥር ገና ጠረጴዛው ጋ ሳይቀርብ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ድንበሩን ያሰመረው ከተጎዳ በኋላ ነው። እንግዲህ ወላዋይነት ሐሳብ መለወጥ ሳይሆን ድንበርን ከሕመም በኋላ ማስመር ነው ማለት ነው።

ድንበሩም ለሁሉም እጅ አንድ አይደለም። 15 ይዞ በ10 ላይ ለመቆም ቆጠራው +4 መድረስ አለበት። አከፋፋዩ አስ ሲያሳይ የሚቀርበውን «ኢንሹራንስ» ለመግዛት ደግሞ +3። ለምን ተለያዩ? 16 በ10 ላይ ሲሆን ብትጨምርም ብትቆምም ከ100 ብር በአማካይ 54 ብር ገደማ ታጣለህ። ሁለቱ መጥፎ አማራጮች እኩል ሊሆኑ ትንሽ ስለቀራቸው ትንሽ ማስረጃ ሚዛኑን ይደፋዋል። 20 ይዞ ካርታ የሚጨምር ቆጣሪ ግን አታገኝም። አቋምም እንዲህ ይመስለኛል። አንዳንዱ በትንሽ ማስረጃ መለወጥ ያለበት ነው፤ አንዳንዱ የመጣው ቢመጣ መነቃነቅ የለበትም። ሁሉንም እኩል የሚያጠብቅ ሰው ጽኑ ሳይሆን የማይቆጥር ነው።

እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ለእኔ ይፈርዳል። ቁጥር ነበረኛ! ሥራውን ስንጀምር በልቤ «በስድስት ወር ውስጥ የሚከፍል ደንበኛ ካላገኘን እወጣለሁ» ብዬ ነበር። ስድስት ወሩ አለቀ፣ ደንበኛ አልመጣም፣ ወጣሁ። ወላዋይ አይደለሁም።

ግን ቁጥሩን ለጓደኛዬ አልነገርኩትም።

ቆጣሪ ቁጥሩን የሚደብቅበት ምክንያት አለው። በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል ባይሆንም፣ በኔቫዳ ቁማር ቤቱ የጠረጠረውን ሰው «አትጫወት» ሊለው ይችላል። በ1982 እ.ኤ.አ. የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬን ኡስተን ጉዳይ ላይ፣ የአትላንቲክ ሲቲ ቁማር ቤት ተጫዋችን ስለቆጠረ ብቻ በራሱ ውሳኔ ማባረር አይችልም ብሎ ወሰነ። ቢሆንም ቆጣሪ ፊቱን መደበቁን አይተውም፤ ምክንያቱም ፊት ለፊቱ ያለው ተጋጣሚው ነው።

የእኔ ጓደኛ ግን ተጋጣሚዬ አልነበረም፤ ከእኔው ጎን ነበር የተቀመጠው። ደሞዙን ትቶ የመጣው የእኔን ፊት አይቶ ነው። እኔ በስድስት ወር የተገደበ ነገር ይዤ፣ እሱ ገደብ የሌለው መስሎት ያለውን ሁሉ አስያዘ። «ብነግረው ኖሮ ላይጀምር ይችል ነበር» ብዬ ለራሴ አስረድቻለሁ። አዎ፣ ላይጀምር ይችል ነበር። ያ ውሳኔ ግን የእሱ ነበር፤ እኔ ወሰድኩበት።

ስለዚህ «ወላዋይ» ያለኝ ቃሉን ስቶ ነው። ትክክለኛው ቃል «ደባቂ» ነው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ወላዋይን ሰው ሲወላውል አይቶ ይጠነቀቀዋል፤ እኔን ግን በምን ሊጠነቀቀኝ ይችል ነበር?

ይህን ሁሉ አስልቼ ጨርሻለሁ። ለእሱ ግን ገና አልነገርኩትም።