የግቡ ባለቤት

የአንድ ዘመን ታላላቅ አጥቂዎች ሲነጻጸሩ ክርክሩ ዘወትር በቁጥር ይጀምራል። ቁጥር አያዳላም፤ ዝናንም አይፈራም ይባላል። ለመሆኑ ግብን መቁጠር ለሰው የሚገባውን ክብር መስጠት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊድን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ፈረንሳዊው ዡስት ፎንቴን በ6 ጨዋታዎች 13 ግቦች አስቆጠረ። የ17 ዓመቱ ብራዚላዊ ፔሌ ደግሞ በ4 ጨዋታዎች 6 አገባ። በቁጥር ከተፈረደ ብልጫው የፎንቴን ነው። ሁለቱ በግማሽ ፍጻሜ ሲገናኙ ግን ፎንቴን 1፣ ፔሌ 3 አስቆጥረው ብራዚል 5 ለ 2 አሸነፈች።

ይህም ቢሆን ፍርዱን አያቀልም። የፈረንሳይ የመሀል ተከላካይ ሮቤር ዦንኬ በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ነበር፤ በዚያ ዘመን ተጫዋች መቀየር ስለማይፈቀድ ቡድኑ በጎደለ ኃይል ቀጠለ። የፔሌ 3 ግቦች የተቆጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ከፎንቴን 13 ግቦችም 4ቱ የተገኙት ለ3ኛ ደረጃ በተደረገው ግጥሚያ ሲሆን፣ ኳሱን አመቻችቶ ያቀብለው የነበረው ሬሞን ኮፓ ነው። ጫማው እንኳ ከቡድን ጓደኛው የተዋሰው ነበር።

እንግዲህ ግቡ የማን ነው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ የጋራ ነው፤ ስለዚህ ግለሰብን ከግለሰብ ማወዳደር ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት አንድ ነገር ይዘነጋል። ኳስ ከግቡ አፍ ደርሳ ስትመክን ወቀሳው ለአሥራ አንዱ እኩል አይከፋፈልም፤ አጥቂው ብቻውን ይሸከመዋል። ጥፋቱን ለብቻው የሚሸከም ሰው ከምስጋናውም የራሱ ድርሻ ሊነፈገው አይገባም።

ፎንቴን እግሩ ደጋግሞ በመሰበሩ በ1962 ገና በ28 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ፔሌ ግን እስከ 1977 ዘለቀ። የዕድሜ ልክ ድምር ከችሎታ ጋር የአጥንትን ዕድል ጭምር ይቆጥራል።

በመሆኑም ቁጥር ምስክር እንጂ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ፍትሐዊ ንጽጽር እያንዳንዱ ሰው ምን እንደተሰጠው፣ በተሰጠውም ምን እንደሠራ ይመረምራል። ተማሪን የሚመዝን መምህርም ሆነ ሥዕልን የሚዳኝ ሐያሲ ይኸው ግዴታ አለበት፤ ውጤቱን ከመመዝገቡ በፊት ጫማው የማን እንደነበረ መጠየቅ ይኖርበታል።