የዳቦ ቤት ዳቦ ለዝክር ይሆናል?

ድሮ የጽዋ ማኅበር ተራ የደረሰው ቤት ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ዋዜማው ሲደርስ ድፎው በኮባ ተጠቅልሎ ከታች እሳት፣ ከላይ ፍም ይሆንበታል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ድፎው ለዳቦ ቤት በስልክ ይታዘዛል፣ እንጀራው ከባልትና ቤት ይመጣል፣ በጠላው ፋንታ ለስላሳ በሳጥን ይገባል። ጸበል ጸዲቁ ይቀመሳል፣ ጽዋውም እንደ ደንቡ ለባለ ተራው ይተላለፋል። ቅር የሚላቸው አንዳንድ እናቶች ብቻ ናቸው። እጅ ያልነካው፣ ወገብ ያልጎበጠበት ነገር ምን ዝክር ይባላል?

የአሮጊት ወግ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን እናቶቹ የጠየቁት ትልቅ የሃይማኖት ጥያቄ ነው። በረከቱ ያለው ምግቡ ላይ ነው ወይስ ድካሙ ላይ?

ድካሙ ላይ ነው ለሚሉት ጥሩ ምስክር አለ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቁርባኑ ኅብስት ከየትም ተገዝቶ አይመጣም። በቅጥሩ ውስጥ ለብቻዋ የቆመች፣ ቤተ ልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች። ዲያቆናቱ የስንዴውን ዱቄት እዚያ ያቦካሉ፣ እዚያው ይጋግራሉ፤ ለወይኑም ዘቢብ ዘፍዝፈው ይጨምቃሉ። የተጋገረው ለዚያው ቀን ቅዳሴ ብቻ ነው፣ ለነገ ተብሎ አይቀመጥም። ደወል እየተደወለ፣ በጃንጥላ ታጅቦ ወደ መቅደስ ሲገባ ሕዝቡ ይሰግዳል። ቢሆንም ሁሉንም ከሥሩ በገዛ እጅ መሥራት እዚህም ልክ አለው፤ ስንዴውን ያመረተው ገበሬ ነው፣ ዘቢቡም ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከሱቅ ነው።

ወንጌሉ ግን ለጓዳ ድካም ብዙም አያደላም። በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ዋጋው አይጠፋም የተባለለት ስጦታ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ አይቦካም፣ አይጋገርም። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ማርታ በመስተንግዶ ስትባክን ማርያም ተቀምጣ ትሰማለች፤ የተመሰገነችውም የተቀመጠችው ናት። በዝክር ቀን ካህኑ ተአምረ ማርያም ሲያነቡ ከሳሎኑ የሚጎድሉት እነማን እንደሆኑ ለሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ይከነክነዋል። ማርታዎቹ ጓዳ ናቸው። ጭሱም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። የቤት እንጀራን እያወደሱ ያን ጭስ ስትስብ የኖረችውን መርሳት ነውር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የአይሁድ ሊቃውንት የተገዛ ዳቦን የያዙበት መንገድ ነው። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፋቸው የአሕዛብን ዳቦ ይከለክላል። ምክንያቱ የዱቄቱ ንጽሕና አልነበረም፤ ሚሽናን በሚተነትነው በታልሙድ እንደተብራራው አብሮ መብላት መቀራረብን፣ መቀራረብም ጋብቻን ያመጣል ተብሎ ነው። ከጊዜ በኋላ ታዲያ በብዙ አገር ነገሩ ላላ። ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጀው ሹልሓን ዓሩኽ የተባለው የሕግ መጽሐፍም ልዩነቱን መዝግቦታል። ጎረቤት በቤቱ የጋገረው እንደተከለከለ ይቆያል፣ ነጋዴ ለሽያጭ የጋገረውን ግን የሚበሉ አሉ። ገዝተው ሲበሉ ዝምድና አይፈጠርማ! የገበያ ዳቦ ያለፈው ሰውን ከሰው ስለማያስተሳስር ነው። የሱፐርማርኬት ምግብን ጠባይ ከዚህ አሳጥሮ የገለጸ ፈላስፋ ማግኘት ያስቸግራል።

የፋብሪካ ምግብም ቢሆን ግን የሰው እጅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ባርካን የተባለው የእስራኤል ወይን ጠማቂ ኩባንያ ከአጥባቂ የኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሕግ) ማረጋገጫ ሰጪዎች ይሁንታ ለማግኘት ሲል ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ማንሳቱ ተሰማ፤ አይሁድነታቸው ያጠራጥራል ተብሎ። የሴፋርዲም ዋና ረቢ ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት፣ ሕዝብ ተቆጣ፣ ኩባንያውም ውሳኔውን ሻረ። አዲስ አበባስ ቢሆን ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚሳለው ለምንድን ነው? ገዢው የባረከውን እጅ ማወቅ ስለሚፈልግ ነው እንጂ ሥጋውማ ያው ሥጋ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ቅር ያላቸው እናቶች ግማሽ እውነት ይዘዋል። የዝክሩ ድካም ወደ ሌላ ሰው ወገብ ዞረ እንጂ አልቀረም። ከባልትና ቤት የመጣው እንጀራ ሊጡ ቀናት ቆይቶ ቦክቷል፣ አብሲት ተጥሎበታል፤ አንዲት ጋጋሪ ምጣዱን በማሰሻ እያሰሰች አንድ በአንድ አውጥታዋለች። ካህኑ ሲያሳርጉ ዝክሩን ያዘጋጁትን ይባርካሉ። ጋጋሪዋ ከእነዚያ ውስጥ ትቆጠር አትቆጠር የጠየቀ የለም፣ ስሟንም የሚያውቅ የለም። ዝክሩን የሚያጎድለው ይኸው ነው፤ መገዛቱ ምንም አይደል። ቅዳሴውም መባ ላመጡት የሚጸለይበት ክፍል አለው፣ ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ያጨዱት ሠራተኞች ያልተከፈላቸው ደመወዝ እንደሚጮኽ ጽፏል። እንጀራ ላይ ብር ለማስቀነስ ሲከራከር የሚያረፍድ ባለ ተራ ይህን ምዕራፍ ቢያነበው አይከፋም።

ድፎውንም ሆነ እንጀራውን የሚያዝ ሰው የጋጋሪዋን የክርስትና ስም ጠይቆ ለካህኑ ቢነግር ሥርዓት አይፈርስም። ወደ ዝክሩ ብትጠራም ይበጃል፤ በዚያው ቀን ለሌላ ማኅበር የምታደርሰው ትእዛዝ ከሌለባት።