ገበያን ስናስተምር የማንን ድምፅ እናሰማለን?

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የገበያ ኢኮኖሚ ከመጽሐፍ አልፎ በደጃፍ የሚታይባቸው ስፍራዎች ናቸው። ትናንት የእህል ማሳ በነበረው በብዙ ቦታ ዛሬ ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻና የመኖሪያ ሰፈር ይታያል። በዚህ አካባቢ በአንድ ክፍል ውስጥ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ልጅ፣ እኅቱ በአበባ እርሻ ተቀጥራ ቤተሰብ የምትረዳለት ወጣትና የነጋዴ ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አያስደንቅም። መምህሩ «ነጻ ገበያ መልካም ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ ሦስቱም የሚመልሱት በየቤታቸው ካዩት ተነሥተው ነው።

መምህሩ ታዲያ ምን ያድርግ? ቀላሉ መንገድ አንድ መልስ ማስጠናት ነው። ይህንንም አገራችን ታውቀዋለች፤ በደርግ ዘመን የማርክስና የሌኒን ትምህርት እንደ ብቸኛ እውነት ይሰጥ ነበር። ዛሬ የአቅርቦትንና የፍላጎትን ሕግ በዚያው መንፈስ ብናስጠና ጥቅሱን ለወጥን እንጂ ልማዱን አልተውንም።

ስለሆነም ተማሪው እያንዳንዱን አመለካከት ባለቤቶቹ በሚከራከሩበት ብርታት ሊሰማ ይገባዋል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 የሥራ ክፍፍልና ልውውጥ ሀብትን እንደሚያበዙ አስረዳ። ካርል ማርክስ ሠራተኛው የድካሙን ሙሉ ዋጋ እንደማያገኝ ተከራከረ። የእኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»፣ እውቀት የጎደለው ሕዝብ ከአዋቂው ጋር ሲገበያይ ተጎጂ እንደሚሆን አመለከቱ።

የቅርቡን ጉዳይ እንውሰድ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከይዞታው ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ካሳ የሚተመንለት በማሳው ዓመታዊ ገቢ ስሌት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 10 እጥፍ የነበረው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል። ያው መሬት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ግን ዋጋውን የሚወስነው ተጫራቹ ነው። አንዱ ወገን «ገበሬው ራሱ ይሽጥና ይጠቀም» ይላል፤ ሌላው «ሽያጭ ቢፈቀድ ችግር ያስገደደው ሁሉ መሬቱን በርካሽ ሰጥቶ ይበተናል» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ገበሬው ደኅንነት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን ማዳመጥ ያለ ሚዛን መቅረት አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 የግል ንብረትን መብት ሲከላከሉ፣ በስምምነት የተወሰነ ደመወዝ እንኳ ለሠራተኛው ኑሮ የማይበቃ ከሆነ ፍትሕ እንደሚጎድለው አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በሜይ 1991፣ ደርግ በወደቀበት በዚያው ወር፣ የገበያን ጥቅም እየመሰከሩ በገበያ የማይሟሉ የሰው ፍላጎቶች እንዳሉ አሳስበዋል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ የነጋዴው ልጅ የገበሬውን ክርክር፣ የገበሬውም ልጅ የነጋዴውን፣ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ይናገር። ፍርዱን ከዚያ በኋላ ይስጥ፤ ያልሰሙትን ባልንጀራ መፍረድ ግፍ ነውና።