ስለ ጢስና ስለ ዕዳ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በመካነ ብርሃን አንድ ተማሪ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። መካነ ብርሃን የጃን አሞራ ወረዳ ከተማ ናት። የስሜን ተራሮች ጎረቤት በመሆኗ ሌሊቷ ብርቱ ብርድ አለው፤ የምድጃ እሳት ከሌለ ኑሮ የለም። አንድ ቀን የዓለም ሙቀት ስለ መጨመሩ ሳስረዳ ያ ልጅ ተነሥቶ «ጋሼ፣ እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በኩበት ነው። እርሷም ከበደለኞቹ ጋራ ትቆጠራለች?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ሁላችንም ጥፋት አለብን» ብዬ አለፍሁት። መልሴ የስንፍና መልስ እንደ ነበረ የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው።

ተገቢውን መልስ ለማግኘት አስቀድሞ የነገሩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ወይም ቤንዚን ሲነድ በውስጡ ያለው ካርቦን ከኦክስጅን ጋራ ይዋሐድና የተቃጠለ አየር ይሆናል፤ ሊቃውንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት ይህነን ነው። የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከምድር ተመልሶ የሚወጣውን ሙቀት ግን በከፊል ይይዛል። ጆን ቲንዳል የሚባለው የአየርላንድ ተወላጅ ይህን በመሣሪያ መርምሮ ያሳየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ስለ ሆነ፣ ነገሩ የትናንት ወሬ አይደለም። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሐዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ የተቃጠለ አየር ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል።

አሁን አንድ ጋን በሐሳብህ ሣል። ከላይ ውሃ ይቀዳበታል፤ ከሥሩ ደግሞ በጥቂቱ ያዣል። ከምንለቀው የተቃጠለ አየር ግማሽ ያህሉን ባሕርና ዕፅዋት ይቀበሉናል፤ የቀረው በሰማይ ይጠራቀማል፤ ከተጠራቀመውም ጥቂት የማይባለው ክፍል ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያው ይኖራል። ስለዚህ የሚያሞቀን የዘንድሮው ጢስ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካ ከተጀመረ ወዲህ የተከማቸው ድምር ነው። ቀስ ብሎ የሚቀዳም ሰው ቢሆን ጋኑን መሙላቱ አይቀርም፤ የሚዘገይ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ «እንቀንስ» በማለት ሳይወሰኑ «ዜሮ እናድርስ» ያሉበት ምክንያት ይኸው ነው። የተጣራ ዜሮ ማለት ወደ ሰማይ የሚወጣውና በሰው ጥረት ከሰማይ የሚመለሰው እኩል መሆን ነው። በ2018 የወጣው የመንግሥታት መካከል የአየር ንብረት ጉባኤ ሪፖርት፣ ሙቀቱ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ከተፈለገ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሒሳብ በ2050 ገደማ ዜሮ መግባት እንዳለበት አስታወቀ። ያ ቀን ቢደርስ እንኳ ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል እንጂ ቶሎ ወደ ቀድሞው ቅዝቃዜ አይመለስም።

እንግዲህ ወደ ልጁ እናት ምድጃ እንመለስ። ላሚቱ የበላችው ሣር ካርቦኑን የወሰደው ካለፈው ክረምት አየር ነው። ኩበቱ ሲነድ ያው ካርቦን ወደ ወጣበት ይመለሳል፤ የሚመጣው ክረምት ሣር ደግሞ መልሶ ይወስደዋል። (ላሚቱ የምታገሳው ሚቴን ሌላ ነገር ነው፤ ኃይሉ ብርቱ ቢሆንም ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ይጠፋል።) የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የተቀበሩ ናቸው፤ እነርሱ ሲነዱ የሚወጣውን ለመውሰድ ተራውን የሚጠብቅ ሣር የለም። ጢሱ ለዐይን አንድ ይመስላል፤ ዕዳው ግን አንድ አይደለም። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሰለው በዓመት የሚደርስበት ድርሻ ከ0.2 ቶን ያነሰ ሲሆን የአንድ አሜሪካዊ ወደ 14 ቶን ይጠጋል። መብራታችንም ቢሆን በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓባይ ግድብ ጨምሮ አብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው።

ታዲያ እናቱ ንጹሕ ናት ብዬ ልዝጋው? ይህም ደስ አላለኝም። የነደደው ኩበት ለገብሱ ማሳ ፍግ መሆን ይገባው ነበር፤ መሬቱ በየዓመቱ ይደኸያል። ጢሱም የሴትዮዋን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። በዓለም ሒሳብ ዜሮ የሆነው እሳት በቤቷ ውስጥ ዜሮ አይደለም። የተሻለ ምድጃ ይገባታል ስል፣ የሚገባት ለራሷ ሲባል እንጂ የሌላውን ዕዳ እንድትከፍል አይደለም።

ሐሳቤን ሳልሸሽግ የምናገርበት ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ባለጸጎች ከሰላቸውን እያነደዱ በድኻ አገር ዛፍ አስተክለው «ሒሳባችን ዜሮ ነው» ይላሉ። ዛፍ በእውነት ካርቦን ይወስዳል፤ የእኛም ተራራ ዛፍ በጣም ያስፈልገዋል፤ ጽዱ ተቆርጦ ያልተተካበት ቦታ ሁሉ የራሳችን ዕዳ ነው። ነገር ግን ዛፍ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል፣ ይደርቃል። በምድር ውስጥ ታሽጎ የኖረውን ነገር አውጥቶ፣ ፍየል ሊበላው ለሚችል ነገር አደራ መስጠት ምን ዓይነት ክፍያ ነው?

ስለ ፍየል የምናገረው ከሌላ ሰምቼ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት ባስታወቀበት ዕለት እኔም ዐሥር ተክዬ በመዝገብ ላይ ፈረምሁ። ኩራቴ እስከ መስከረም ድረስ ቆየ። አጥር አላጠርሁም፤ በበጋም ውሃ አላጠጣሁም። በዓመቱ ሄጄ ባይ ቆመው የተገኙት ሦስት ናቸው። በመዝገቡ ላይ ግን ዛሬም ዐሥር ናቸው፤ የኔም ፊርማ ከሥሩ አለ።

ይህን ሁሉ ለዚያ ተማሪ በኋላ አጫወትሁት። ስለ እናቱ ያልሁትን ዝም ብሎ ሰማ፤ የችግኙ ነገር ላይ ስደርስ ግን ቀና ብሎ «ሰባቱስ?» አለኝ። ሰኔ ሲገባ ጉድጓዱን አብረን ልንቆፍር ተቃጥረናል። የእሾህ አጥሩን እርሱ ያመጣል፤ የበጋው ውሃ የኔ ድርሻ ነው።