ማጨጃው ሰንበት ያከብራል ወይ?

የሜሪላንድ ሣር ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ፋታ አይሰጥም። የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ የማጭደው እኔ ነኝና በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ ቅዳሜን ምን እናድርገው? የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያጭደው ቅዳሜ ነው። እኛ ግን እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ሆኖ ይከበር ብለን የቆረጥን ነን። ከዚያ በፊትም አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በዚሁ ነገር አገራቸውን ጥለው አርመን ድረስ ሄደዋል።

በቤንዚን ማጨጃው ጊዜ ጥያቄው ራሱን ይመልስ ነበር፤ ሞተሩ ከተነሣ ቅዳሴው አይሰማም። የባትሪውን ከገዛን ወዲህ ግን ከኮሚቴው አንድ ወንድም «ድምፅ የለው፣ ማን ይሰማል?» ይለኛል። እግዚአብሔር በጆሮ ብቻ የሚያውቅ ይመስል! ዘንድሮ ደግሞ ይባስ ብሎ ራሱ አጭዶ፣ ራሱ ቻርጅ ሊያደርግ የሚመለስ ሮቦት እንግዛ አለ። ሰው አይደክምም፣ በሬ አይጠመድም፤ ታዲያ ሰንበት የሻረው ማን ነው?

ቀላል ጥያቄ አይደለም። በኦሪቱ ትእዛዝ ከልጅና ከአገልጋይ ጋር በሬና አህያም ያርፋሉ። ምክንያቱ ድካማቸው ከሆነ ብረት አይመለከተውም። የአይሁድ ሊቃውንት ግን በሁለት ቤት ተከፍለው በዚሁ ተከራክረዋል፦ ዓርብ የተዘረጋ ወጥመድ ቅዳሜ አውሬ ቢይዝስ? የሂሌል ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተዘረጋ ይሁን አለ፤ የሻማይ ቤት ከለከለ። ታልሙድ የሻማይን ሐሳብ ሲያብራራ ዕቃም ማረፍ አለበት እስከ ማለት ይደርሳል። የእኛዎቹ ቤተ እስራኤሎችም እሳቱን ዓርብ ሳይመሽ አጥፍተው ሰንበትን ቀዝቃዛ ይበሉ ነበር።

የዕቃ ዕረፍት ሲባል ያስቃል፤ ባትሪ ይዞ ለሚውል ግን አያስቅም። የምነዳው ማጨጃ አራት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ተሸክሟል። ባትሪው ከቻርጀር እንደተነቀለ ቢለኩት ከ13 ቮልት በላይ ያሳያል፤ አትመኑት። ሳይነካ አድሮ 12.6 ወይም 12.7 ካለ ሞልቷል፤ 12.2 ካለ ግማሹ ሄዷል። ሳያርፍ እውነቱን አይናገርም። ባዶውን ከከረመ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ባትሪው ይሞታል፤ ስለዚህ በብርዱ ወራት የጎደለውን ብቻ እየሞላ በሚቆም ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ይከርማል። የተጣራ ውሃ የምጨምርለትም ሰሌዳዎቹ ካልታዩ በቀር ቻርጁን ሲጨርስ ነው፤ አስቀድሞ ከተሞላ አሲዱ ይገነፍላል።

የሊቲየም ባትሪ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ከሥራ እንደ ጋለ ቻርጅ ማድረግ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ከነጭራሹ አይሞላም። ለወራት ሲቀመጥ ግማሽ ገደማ ሆኖ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ነው። የአንዱ ዕረፍት መሰካት፣ የሌላው ዕረፍት መነቀል!

(ኮሚቴው በርካሽ የመኪና ባትሪ ግዛ ሲለኝም አልሰማም። የመኪና ባትሪ ለቅጽበት ሞተር ሊያስነሣ ስስ ሰሌዳ የተሰጠው ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሣር ላይ ካዋሉት ቶሎ ያልቃል። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1969 ኢሌክ-ትራክ የተባለውን የግቢ ትራክተር ሲያወጣ የጫነበት ስድስት ባለ 6 ቮልት፣ የጎልፍ ጋሪ ዓይነት ባትሪ ነበር፤ ወፍራም ሰሌዳ ያለው።)

ወደ ሮቦቱ ልመለስ። ስለ ቻርጀሩ ከሂሌል ጋር ነኝ፤ ዓርብ ሰክቼው እሄዳለሁ፣ እስከ ሰኞ አያስታውሰኝም። ስለ ሮቦቱ ግን ከሻማይ ጋር ነኝ። ማሽኑ ስለሚደክም አይደለም። አጥር ሥር ይቀረቀራል፣ ድንጋይ ይመታል፣ ከዚያ በስልኬ ይጠራኛል። እጄ መቋሚያ ላይ ሳይሆን ኪሴ ውስጥ ይሆናል ማለት ነው፤ እግዚኦታው እስኪያልቅም ሐሳቤ ሣሩ ላይ ነው። በሬው እንዲያርፍ የታዘዘው ለበሬው ብቻ አይመስለኝም። በሬው ቆሞ እያለ ባለቤቱ ምን ብሎ ይሮጣል? ማሽኑ ሲሠራ ያረፍኩት እኔ ሳልሆን ጉልበቴ ብቻ ነው።

ወንድሜ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። «ቻርጀርህ መብራቱን ከየት አመጣው? ቅዳሜ ማመንጫው ላይ የቆመ ሰው የለም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልስ የለኝም። የቤተ ክርስቲያኑ መብራትና ማይክራፎንም ከዚያው መስመር ነው። ማይክራፎኑ ይጥፋ ካለ መሪጌታን ያነጋግር። ሮቦቱ ግን አልተገዛም፤ ዓርብ ከሥራ መልስ እኔው አጭዳለሁ።