ጅራፍም፣ ለጋ ቀንበጥም

በላቲን ልሳን «ፍላጌሉም» የሚባል ቃል አለ፤ ይህም «ፍላግሩም» ከተባለው ሌላ የጅራፍ ስም የወጣ ማሳነሻ ስለ ሆነ፣ ሰዋስው ብቻ የተማረ ሰው «ትንሽ ጅራፍ» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ነገር ግን የሮማው ባለቅኔ ሆራስ ስለ ቅጣት ልክ ሲናገር፣ ቀላል ጠፍር የሚበቃውን ጥፋተኛ በአስፈሪው ፍላጌሉም ማሳደድ እንደማይገባ ማመልከቱን ስናስብ፣ በስሙ ያነሰው በሥቃዩ የከፋ እንደ ነበረ እንረዳለን።

ይህ መሣሪያ የሮማን ዜጋ ገላ እንዳይነካ ሕግ ይከለክል ስለ ነበረ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሊገረፍ በጠፍር ከታሰረ በኋላ ዜግነቱን ተናግሮ እንደ ዳነ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ተጽፏል። ጅራፉ ከሮማ ወታደሮች ጋር ወደ ምሥራቅ ሲሻገር ስሙም አብሮ ተሻግሮ፣ የዮሐንስ ወንጌል በጽርዕ ልሳን ጌታ በቤተ መቅደስ ከገመድ ያበጀውን ጅራፍ «ፍራጌሊዮን» ሲለው፣ ማቴዎስና ማርቆስም በጲላጦስ አደባባይ የተፈጸመውን ግርፋት የተናገሩበት ግሥ ከዚሁ ከላቲኑ ቃል የተወሰደ ነው።

ይሁን እንጂ ቨርጂል ስለ እርሻ በደረሰው መጽሐፉ ፍላጌሉም ብሎ የጠራው የወይኑን ለጋ ቀንበጥ ነው፤ በኋለኛው ዘመንም እህል የሚወቃበት በትር በዚሁ ስም ተጠርቷል። ነፋስ ሲነካው የሚወዛወዘውን ቀንበጥ ያየ ገበሬ ጅራፍን ማስታወሱ አያስደንቅም፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሚያቆስለውና የሚያፈራው በአንድ ስም መኖራቸው ነው።

የእኛም ግእዝ ከዚህ ምሥጢር ሩቅ አይደለም። ቀሠፈ ማለት ገረፈ፣ ቀጣ ማለት ሲሆን መቅሠፍት ከእርሱ ይወጣል፤ በመዝሙር 90 ላቲኑ ፍላጌሉም ባለበት ስፍራ ዳዊት ደጋሚው መቅሠፍት ይላል። እንግዲህ ቸነፈርን ወይም ረኀብን መቅሠፍት ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ሳያስተውለው፣ ጅራፉን ብቻ ሳይሆን ጅራፉን የያዘውን እጅና የተገራፊውንም በደል አውቃለሁ ማለቱ ነው። የሁኖችን ንጉሥ አቲላን ከዘመኑ በኋላ የተነሡ ጸሐፊዎች የእግዚአብሔር ጅራፍ ሲሉት ይህንኑ ዕውቀት ለራሳቸው መስጠታቸው ነበር፤ የኢዮብም ወዳጆች ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ሮማ በ410 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተዘረፈች በኋላ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ፣ አንዱ መውቂያ ገለባውን ሲያደቅ ስንዴውን እንደሚያጠራ፣ አንዱም መከራ በደጉና በክፉው ላይ እንደሚወርድ አስረዳ። እኔ ግን ከአውግስጢኖስ ምሳሌ ይልቅ ለነገሩ ማስረጃ የሚሆነኝ፣ በአምድ ታስሮ የተገረፈው አንድስ እንኳ በደል ያልተገኘበት መሆኑ ነው፤ ቁስል ብቻውን የኃጢአት ምስክር ቢሆን ኖሮ የጲላጦስ አደባባይ ከንቱ በሆነ ነበር።

በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1260 በፔሩጂያ፣ ኋላም በታላቁ ቸነፈር ዘመን፣ ምእመናን ጅራፉን በገዛ እጃቸው አንሥተው ጀርባቸውን እየገረፉ ከከተማ ወደ ከተማ ዞሩ። ቁጣን በራሳቸው ደም ለማብረድ ማሰባቸው ያሳዝናል፤ ከእነርሱ ብዙዎች የአይሁድን ደም ማፍሰሳቸው ግን ከማሳዘን ያልፋል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 6ኛ በ1349 ማኅበራቸውን ሲያወግዝ ይህንኑ ጠቅሶባቸዋል። ራሱን የሚገርፍ ሰው ትሑት ይመስላል፤ ዳሩ ግን ፈራጁም፣ ገራፊውም፣ ተገራፊውም እርሱ ራሱ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን በዕለተ ስቅለት፣ ስግደቱ ሊፈጸም ሲል፣ ምእመኑ ጎንበስ ብሎ ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ካህኑም ቅጠሉ ባልረገፈ የወይራ ቀንበጥ ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርጎ የሚሰግደውን ስግደት ቍጥር ይነግረዋል። ጥብጠባ ይባላል። አይቈስልበትም፤ በራሱም እጅ አይደለም። ላቲን ዐዋቂ ሰው በዚያች ሰዓት ከቅጽሩ ቆሞ ቢሆን፣ የካህኑን ቀንበጥ ለመሰየም ሌላ ቃል ባላስፈለገውም ነበር።