ባለማወቅ የተሠራ በደል

በኦሪት ዘሌዋውያን ባለማወቅ ለተሠራ ኃጢአት መሥዋዕት የታዘዘው ስለ ምን እንደ ሆነ ባሰላሰልሁ ቊጥር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች የደረሰው መከራ ከልቡናዬ አይጠፋም፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው አንድ ምግብ ቤት በሚገባ ሳያበስል ያቀረበው የበርገር ሥጋ፣ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ይዞ ከ700 በላይ ሰዎችን አሳመመ፣ አራት ሕፃናትንም ለሞት አበቃ።

ሙሉ ብልት በውጭው የተሸከመውን ረቂቅ ተሐዋሲ እሳት ቶሎ ያጠፋዋል፤ ሥጋው በተፈጨ ጊዜ ግን ላይኛው ወደ ውስጥ ስለሚገባና የብዙ ከብት ሥጋ በአንድ ስለሚቀላቀል፣ እስከ መካከሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ በቀር አይታመንም። ክትፎ ለምንወድ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

እንግዲህ በደሉ የማን ነው? አራጁም፣ ፈጪውም፣ ጠባሹም «አላየሁም» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ተሐዋሲው በዓይን አይታይምና። ነገር ግን የዋሽንግተን ግዛት ምግብ ቤቱ ከሚያበስልበት ከፍ ያለ ሙቀት አስቀድሞ ደንግጎ ስለ ነበረ፣ ያን አለማወቅ ከየዋህነት ጋር ልቈጥረው ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ይህን ባክቴሪያ የያዘ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ እንዳይሸጥ የከለከለው በ1994፣ ሕፃናቱ ከተቀበሩ በኋላ ነበረ።